ባሌና የአየርላንዱ መነኩሴ

ባሌ ተኽለሃይማኖት ስትሪትሃም ውስጥ ሚኒካብ የሚሉትን ታክሲ ሲነዳ ፀጉሩ ሸበተ። በመጨረሻ ይዞት የቀረው ነገር ሁለት ነው፤ የለንደንን መንገድ በቃል ማወቅና ኪንታሮት። የመጀመሪያውን የስልክ ካርታ ቀማው። ሁለተኛውን የሚቀማው አልተገኘም።

አስመራ ተወልዶ ካፑቺን መነኮሳት ዘንድ የተማረ ካቶሊክ ነው። አማርኛውም ያኔ በንጉሡ ጊዜ ትምህርት ቤት የተማረው ነው፤ ከዚያ ወዲህ አልታደሰም። ተሳፋሪ ሐበሻ ካጋጠመው «ወዴት ልሸኝዎ ጌታዬ?» ይላል፤ ልጆቹ ይስቁበታል። እኔ የጉለሌ ልጅ ነኝ፣ ኦርቶዶክስ። ካርቱም ተገናኝተን፣ እዚያው ተጋብተን፣ እዚህ አረጀን። ሃይማኖታችን አጣልቶን አያውቅም። የሚያጣላን ሌላ ብዙ ነገር ስላለ ለሃይማኖት ጊዜ አልተረፈም።

መነኩሴው ወደ ቤታችን የገባው በብሬንዳን በኩል ነው። ብሬንዳን አየርላንዳዊ ሽማግሌ ነው፤ ዕድሜውን በግንበኝነት የጨረሰ። ባሌ እሑድ እሑድ ወደ ቅዳሴ ይወስደው ነበር። አንድ እሑድ ብሬንዳን ከኋላ ሆኖ ሲያየው ቆየና፣

«ምነው እንደ ዶሮ በአንድ ጎንህ ተንጠልጥለህ የምትነዳው?» አለው።

ባሌ ለሐኪም ያልነገረውን፣ ለእኔም በስንት ጭቅጭቅ የነገረኝን፣ ለብሬንዳን ነገረው። ብሬንዳን ሳቀ፤ ሲስቅ አሳለው፤ ሳሉ ሲለቀው፣

«አንተ ሰው፣ የራስህ ቅዱስ እያለህ ነው የምትሠቃየው? ቅዱስ ፊያክርን አታውቀውም? የታክሲ ነጂዎች ጠባቂ ነው። የአትክልተኞችም ነው። የዚያ የበሽታህም ነው» አለው።

«ሦስቱም በአንድ ሰው?»

«ሦስቱም በአንድ ሰው።»

ባሌ የዚያን ቀን ወደ ቤት የገባው ሎተሪ እንደወጣለት ሰው ነው። መቀመጥ ስለማይችል ቆሞ እየበላ የቅዱሱን ገድል ነገረኝ። ፊያክር በድሮ ዘመን የነበረ የአየርላንድ መነኩሴ ነው። ሰው ሲበዛበት አገሩን ጥሎ ባሕር ተሻግሮ ፈረንሳይ ገባ። እዚያ የሚኖሩትን ጳጳስ «ለጎጆና ለአትክልት የምትሆን ትንሽ መሬት» ብሎ ለመናቸው። ጳጳሱም፣ «በአንድ ቀን ቆፍረህ የከለልከው ያንተ ይሁን» አሉት። ፊያክር አልቆፈረም። በትሩን መሬት ለመሬት እየጎተተ ሄደ፤ በትሩ ባለፈበት ሁሉ ምድሩ ተሰነጠቀ፣ ዛፉ ከነሥሩ ወደቀ፣ እሾሁ ተነቀለ። ይህን አንዲት ሴት አየችና ሮጣ ሄዳ «ጠንቋይ ነው» ብላ ለጳጳሱ ከሰሰችው። መነኩሴው አዝኖ ድንጋይ ላይ ቢቀመጥ፣ ድንጋዩ ራርቶለት እንደ ትራስ ለሰለሰ። ኪንታሮት የያዘው ሁሉ በኋላ እዚያ ድንጋይ ላይ እየተቀመጠ ይፈወስ ነበር ይባላል። ከዚያ ወዲያ ሴት የምትባል በአጥሩ እንዳታልፍ ከለከለ።

«ታክሲውስ?» አልኩት።

«ታክሲው ከሞተ ብዙ ዘመን በኋላ ነው። ፓሪስ ውስጥ የሱ ሥዕል የተሰቀለበት ቤት ነበር፤ የኪራይ ሠረገላ የሚቆመው እዚያ በር ላይ ነው። በዚያ የነጂዎች ሆነ።»

«ሴትዮዋስ ምን አጠፋች? ዛፍ በራሱ ሲወድቅ ያየ ሰው ለአለቃ ይናገራል እንጂ ምን ያደርጋል? አንተ ራስህ የጎረቤት ቧንቧ ሲያፈስ ካውንስል ትደውል የለም?»

«ሮማን፣ ገድል አይመረመርም» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የፊያክር ሥዕል መኪናው መስታወት ላይ ተንጠለጠለ። ኪንታሮቱ አልዳነም፤ ግን ይዞ የሚያማክረው ሰው አገኘ። የገረመኝ ባሌ የያዛቸው ሁለት ቅዱሳን ጠባይ ነው። አንዱ ተቀምጦ ድንጋይ ያለሰልሳል። ሌላው፣ ባሌ በስማቸው የተጠራባቸው ጻድቁ ተክለ ሃይማኖት፣ ቆመው ሲጸልዩ እግራቸው ተቆርጧል። ባሌ በመቆሙ በኩል ጻድቁን ይመስላል፤ በመቀመጡ በኩል ግን ማንም አልረዳውም።

ጡረታ ሲወጣ አሎትመንት አፕላይ አደረገ። አሎትመንት አትክልት ለሚተክል ሰው በትንሽ ኪራይ የሚሰጥ ቁራጭ መሬት ነው። ወረፋው የሚንቀሳቀሰው ሰው ሲሞት ነው። ብዙ ዓመት ቆይቶ «ደርሶዎታል» ብለው ሲደውሉለት ስልኩን ይዞ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ሰው የሞተበት መስሎኝ ሮጬ ወጣሁ።

«አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የሰው መሬት ነው ያረሰ» አለኝ። «እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ሰውን ወደ ቤቱ ነው ያደረስኩት። አሁን ሂድና ያንተ ነው የሚሉኝ አፈር አለ።»

ይህን ብሎ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ባሌ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበርና ወጥ ቤት ገባሁለት።

መሬቱ እሾህ ብቻ ነው። ከእኔ ቁመት የሚበልጥ እሾህ። ባሌ ቁልፉን ከተቀበለ ቀን ጀምሮ በየማለዳው አካፋ ይዞ ይወጣል፤ ግን አንድ ሥር እንኳ አልነቀለም። ለምን ቢባል፣ እናቱ ያሳደገችው በበዓል ቀን መሬት የነካ ሰው በረዶ ያዘንባል ብላ ነው። በዓል ደግሞ ሞልቷል። በአምስት አቦ ነው፣ በሰባት ሥላሴ፣ በአሥራ ሁለት ሚካኤል፣ በአሥራ ዘጠኝ ገብርኤል፣ በሃያ አንድ ማርያም። ከዚያ ጊዮርጊስ፣ ከዚያ የራሱ ተክለ ሃይማኖት፣ ከዚያ መድኃኔ ዓለም። የካቶሊኮቹ ለብቻ ነው። እሑድ ለብቻ ነው። መኻል ላይ አንዲት ባዶ ማክሰኞ ብትገኝ ዝናብ ይዘንባል። ስለዚህ እሾሁ ዳር ቆሞ ዳዊት ይደግምና ለምሳ ይመለሳል።

እኔ አልከፋኝም። እውነቱን ልናገርና፣ ባሌ ጡረታ ከወጣ ወዲህ በቀን ውስጥ ፀጥታ የማገኘው እሱ እዚያ ሲሆን ነበር። ምሳ ሳደርስለት እንኳ በር ላይ ነው የምሰጠው።

«ቅዱስ ፊያክር ሴት አያስገባም ነበር» ይለኛል።

«እግዜር ይስጠው» እለዋለሁ።

ከበር የማትመለስ ሴት ግን ነበረች፤ ጃኔት፣ የቦታው ሴክሬታሪ። ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን ምሳ ይዤ ስደርስ ቦት ጫማዋን አጥልቃ እሾሁ ፊት ቆማለች። ባሌ ኮፍያውን አውልቋል።

«ሚስተር ተክሌ፣ ሕጉን ያውቁታል» አለች። «እሑድ ኮሚቴው ይዞራል። ያልተቆፈረ መሬት ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል።»

«ቅዳሜ አልቆ ያገኙታል።»

«ዓመቱን ሙሉ ያልተነካው በአንድ ቀን?»

«በአንድ ቀን የጨረሰ ሰው አለ።»

«ማን?»

«ፈረንሳይ አገር ነው።»

«ስልኩን ይስጡኝ። የምንፈልገው ሰው ነው።»

«ሞቷል።»

«አዝናለሁ። በቅርቡ ነው?»

«አይ፣ ቆየት ብሏል» አለ ባሌ።

ወደ ቤት ስንመለስ ፊቱ በርቷል። ለካ ልቡ ያለው ሌላ ጋ ነው። የፊያክር በዓል በፈረንጅ ኦገስት ሠላሳ ነው፤ ቅዳሜ ይውላል። ዓመቱን ሙሉ እሾሁን ያስቀመጠው ለዚያ ቀን ነበር ማለት ነው፤ ወይም አሁን እንደዚያ መሰለው። ባሌ የፈረንጁን ቅዱስ በፈረንጅ፣ የሐበሻውን በሐበሻ ካላንደር ይቆጥራል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስተያይቶ አያውቅም። እኔም አላስተያየሁም፤ በሰው ቅዱስ ምን አገባኝ።

ያስተያየችው ብፅዓት ናት። ብፅዓት ከእኛ በላይ ባለው ፍላት የምትኖር መበለት ናት፤ የማኅበራችን ሙሴ፣ ማለትም አለቃችን። የማንን በዓል ማን እንደሻረ ከእሷ የሚያመልጥ የለም። ሐሙስ ማታ ለማኅበሩ የተዋሰችውን ድስታችንን ልትመልስ ወረደች። ባሌ በደስታው ብዛት ነገራት።

«ቅዳሜ እሾሁን በአንድ ቀን ነው የማጸዳው።»

ብፅዓት ድስቱን አስቀመጠች። «ቅዳሜ? የፊታችን ቅዳሜ? ነሐሴ ሃያ አራት?»

«ኦገስት ሠላሳ።»

«እሱ ነዋ ጋሽ ተኽሌ! ነሐሴ ሃያ አራት፣ የጻድቁ ዓመታዊ በዓል! በስምዎ ቀን አካፋ ሊያነሱ?»

ባሌ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ሄዶ አየ። መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ ደግሞ አየ። ነሐሴ ሃያ አራትን በጣቱ ይዞ ቆመ።

«ነገ ይቆፍራላ» አልኩ ነገሩን ላቅልል ብዬ።

«ነገ ጊዮርጊስ ነው» አሉ ሁለቱም እኩል።

«ማክሰኞ ባዶ ቀን ነበር» አለች ብፅዓት። «ማክሰኞ ምን ሲሠሩ ዋሉ?»

«ለቅዳሜ ስዘጋጅ» አለ።

ቀልድ አይደለም፤ ባሌ ጠቆረ። አንዱ ቅዱስ ቆፍር ይላል፣ አንዱ አትቆፍር ይላል፤ እሑድ ጃኔት ትመጣለች። ልጃችን ኣዲያም ከዌምብሊ ደወለች፤ ስፒከር ላይ አደረግናት።

«ዳድ፣ ፕሊስ፣ ጀስት ቆፍረው! ማን ያይሃል?»

«ማን ያየኛል? አንዱ ከአየርላንድ ያየኛል፤ አንዱ ከደብረ ሊባኖስ ያየኛል!»

«ኦኬ፣ እኔ መጥቼ ልቆፍርልህ?»

«በእኔ መሬት ላይ በበዓል ቀን? ኃጢአቱ የእኔው ነው።»

ብፅዓት እስካሁን አልሄደችም። የሰው ችግር ባለበት አትሄድም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና፣

«አንድ መንገድ አለ» አለች። «በአባቶቻችን አገር በበዓል የራስ እርሻ አይነካም። የመበለት ወይም የሽባ እርሻ ከሆነ ግን ደቦ ተጠርቶ ይታረሳል። እሱ ሥራ አይባልም፤ ምጽዋት ነው። ጻድቁም ደስ ይላቸዋል።»

ባሌ ቀና አለ። «በሮማን ስም ባደርገውስ?»

«ሮማን መበለት ናት እንዴ?»

«እስካሁን አይደለሁም» አልኩ።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። ከዚያ ባሌ ብፅዓትን አያት።

«አንቺስ?»

«እኔማ ነኝ። ባሌን ከቀበርኩ ቆየሁ። ጉልበቴ አይታጠፍ። ከእኔ የባሰ ደካማ ከየት ሊያመጡ?»

«እንግዲያው ለቅዳሜ ያንቺ ይሁን። እሑድ ጃኔት ካለፈች በኋላ...»

«ለቅዳሜ?» ብፅዓት ተነሣች። «ጻድቁን ሊሸውዱ ነው? ለአንድ ቀን የሚሰጥ ስጦታ ኪራይ ነው ጋሽ ተኽሌ። ከሰጡ ለሁልጊዜ ይስጡ። ካልሰጡ ይቅር፤ እኔ አለመንኩም።» ወጣች፤ ድስት የረሳች መስሏት ተመልሳ «ድስቱ የናንተ ነው ለካ» ብላ ሄደች።

ዓርብን ሙሉ ባሌ መስኮቱ ጋ ቆሞ ዋለ።  መሬቱ ከተወሰደ ባሌ ቀን ቀን ቤት ነው፤ ይህን ሳስበው ራሴን ያመኛል። ግን ከዚያ የባሰው የኮሪደሩ ነገር ነው። ያን ቀን «ያንተ ነው የሚሉኝ አፈር» ሲል የነበረውን ፊት አይቻለሁ። ይህን ሰው ስጥ ማለት አልቻልኩም፤ አትስጥ ማለትም አልቻልኩም። ሻይ ሰጠሁት።

አመሻሹ ላይ ኮቱን ለበሰ።

«ነይ ሮማን። ምስክር ያስፈልጋል።»

ደረጃውን ወጣን። ብፅዓት በሩን ስትከፍት ቁልፉን ዘረጋላት። 

«ከሚነጠቅ ይሰጥ» አለ። «ለሁልጊዜ ነው። ሮማን ሰምታለች።»

ብፅዓት በሁለት እጇ ተቀብላ ቁልፉን ሳመች። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለነፍስዎ ስንቅ ያድርግልዎ።» ቀጥላም ትንፋሽ ሳትወስድ፣ «ነገ በማለዳ ይምጡ፤ እንዳያረፍዱ። አካፋ ያምጡ። ጓንትም» አለችው።

ቅዳሜ የማኅበሩ ሴቶች መጡ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው፣ ስኒከር አድርገው፣ አንዷ መቁረጫ ከጎረቤት ተውሳ፣ አንዷ ከሥራ የእጅ ጋሪ አስፈቅዳ። ኣዲያምም መጣች፤ ጥፍሯን ትናንት ተሠርታ። ብሬንዳን በወንበር ተቀምጦ የፊያክርን ሥዕል ጉልበቱ ላይ ይዟል። ሴቶቹ በአጥሩ በር ሲገቡ ባሌ ዳር ላይ ቆሞ አያቸው።

«ይህን ያህል ሴት!» አለ ብሬንዳን። «ምን ትለዋለህ ለሰውዬው?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? የመሬቱን ባለቤት ጠይቅ» አለ ባሌ፣ ብፅዓትን በአገጩ እያሳየ።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ግን ባሌ «አንዴ» ብሎ አስቆመን። ለዚህ ቀን ያዘጋጀው በትር ነበረው። እንደ ቅዱሱ መሬት ለመሬት እየጎተተ ወደ እሾሁ ሄደ። ሁላችንም ዓይናችንን ተከልን፤ ጎረቤት መሬት ላይ ቲማቲም የሚለቅመው ሰው እንኳ ቀና አለ። ምድሩ አልተሰነጠቀም። በትሩ እሾሁ ውስጥ ተቀረቀረ። ባሌ ሳበው፤ እምቢ አለ። ባለ በሌለ ኃይሉ ሲስበው በትሩ ድንገት ለቀቀና ባሌ ወደ ኋላ ሄዶ ዘጭ አለ፤ በዚያው በሚያመው በኩል፣ እሾሁ ላይ።

የጮኸውን ጩኸት ስትሪትሃም ሰምቶታል። ድንጋይም ቢሆን ይራራ ነበር፤ እሾህ ግን አይራራም።

«ሴቶች ዞር በሉ!» ይላል፤ ማን ዞር ይላል? ኣዲያም እየሳቀችም እያለቀሰችም ከኋላው እሾህ ስትነቅልለት ብሬንዳን ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። ብፅዓት ብቻ አልሳቀችም።

«በትሩን ያስቀምጡና አካፋውን ይያዙ» አለችው። «ፀሐይ ወጣ እኮ።»

ያዘ። እንደዚያ ቀን ሲሠራ አይቼው አላውቅም። ሴቶቹ እየዘፈኑ ሲቆርጡ እሱ ከሥሩ ይነቅላል፤ እኔም ጨርቄን ሰብስቤ ገባሁ፤ መቼም አንዴ ሴት ከገባ ገባ ነው። ከሰዓት በኋላ ጥቁር ደመና መጣ። ባሌ አካፋውን ተደግፎ ወደ ላይ አንጋጠጠ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። በረዶውን ነበር የሚጠብቀው። ጥቂት ካፊያ ወርዶ ተወው።

«የለንደን ነው» አለ እፎይ ብሎ። «የጻድቁ አይደለም።»

እሑድ ጃኔት ከኮሚቴው ጋር መጣች። ብፅዓት ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ እዚያ ያለነው እኔና ባሌ ብቻ ነን። ጃኔት ጥቁሩን አፈር ከዳር እስከ ዳር አየችው። በቦት ጫማዋ ጫፍ ነካ ነካ አደረገችው።

«ሚስተር ተክሌ፣ እኔ ዛሬ የመጣሁት ልሰናበትዎ ነበር። ይህ ተአምር ነው! መሬቱ የእርስዎ ነው፤ ማንም አይነካብዎትም።»

ባሌ ኮፍያውን አወለቀ።  አፈሩን አየ። ብፅዓት የለችም፤ ምስክሩ እኔ ነኝ፤ እኔም ወደ ሌላ መሬት ጎመን እያየሁ ነበር። አላየሁትም፣ አልሰማሁም። የፈለገውን ይበል ብዬ ነው።

«የእኔ አይደለም» አለ ባሌ። «ሰጥቼዋለሁ። የወይዘሮ ብፅዓት ነው።»

«ለምን?» አለች ጃኔት።

ነገራት። አንደኛውን ቅዱስ ከነበትሩ፣ ሁለተኛውን ቅዱስ ከነእግሩ፣ ሁለቱን ካላንደር፣ ደቦውን፣ በረዶውን። ኮሚቴው እርስ በርሱ ተያየ። ጃኔት የሕጉን ወረቀት ገለጠች።

«እንዲሁ ለሰው ማስተላለፍ አይፈቀድም» አለች በመጨረሻ። «ሁለት ስም አንድ ላይ ማስገባት ግን ይቻላል። ሴትዮዋን ላነጋግራት። ኃላፊው ማን ይባል?»

«እሷ» አለ። «እኔን ከታች ያስገቡኝ።»

አውቶቡስ ላይ እስከ ቤት ድረስ ቆሞ ሄደ፤ እኔም ወንበር እያለ አብሬው ቆምኩ።

ይኸው አሁን ኅዳር ገብቷል። ባሌ ያላሰበው ነገር ቢኖር ይህ ነው። የራሱ መሬት በነበረ ጊዜ ቅዱሳኑ ሁሉ ያሳርፉት ነበር። የመበለት መሬት ላይ ግን አንድም ቅዱስ አያሳርፍም፤ ምጽዋት ነዋ! ብፅዓት በየማለዳው ትደውላለች።

«ጋሽ ተኽሌ፣ ሽንኩርቱ አረም በላው።»

«ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው፤ ያውም ዓመታዊው» ይላል በስልኩ፣ ፒጃማውን እንደለበሰ።

«ሚካኤል የመበለት አዝመራ ሲታረም ክንፉን ዘርግቶ ነው የሚያይ። ቶሎ ይምጡ፤ እኔ ጉልበቴ አይደል።»

እየተነጫነጨ ጫማውን ያደርጋል። ከሚበቅለው ግማሹ የእሷ፣ ግማሹ የእሱ ነው፤ እንደ አገር ቤት እኩል አራሽ።

የዚያን የሚካኤል ቀን ምሳውን ረስቶ ስለወጣ ይዤለት ሄድኩ። አሁን እስከ ውስጥ ነው የምገባው። አዲስ ተከራይ ጎን ያለውን መሬት ተረክቦ ኖሮ አጥሩ ላይ ተደግፎ ባሌን ያናግረዋል፤ ወጣት እንግሊዛዊ ነው።

«ግሩም ቦታ ነው። ያንተ ነው?» አለው።

ባሌ ጀርባውን አቀና። አፈር የነካ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ዘረጋለት።

«የወይዘሮ ብፅዓት መሬት ነው» አለ፣ ቤተ መንግሥት እንደሚያስጎበኝ ሰው። «ገበሬዋ እኔ ነኝ።»